የዛገ ብሎን ፍለጋ፦ ከሉቨን እስከ በርሊን

መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ዕቃ ሲፈታ ለማየት አውሮፕላን መሳፈር አያሻውም። አጎቴ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፍሪጅ፣ ሞተርና ልብስ ማጠቢያ ሲበታትን ኖሯል። ልጅ ሆኜ ክረምቱን የማሳልፈው እሱ ዘንድ ነበር፤ ሥራዬ ብሎን በየዓይነቱ መለየት። ዛሬ የማምረቻ ምህንድስና አስተምራለሁ። የማስተምረው ግን መግጠምን ነው፦ የትኛው አካል ይቀድማል፣ የትኛው ይከተላል፣ እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ ይፈጃል። ዕቃው ካረጀ በኋላ እንዴት ይፈታል የሚለውን የማስተምርባቸው መጻሕፍት በአንድ ገጽ ያልፉታል። «ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መሄድ ነው» ብለው። አጎቴ ይህን ሲሰማ ሁልጊዜ ይስቃል።

ቤልጅየም፣ ሉቨን ከተማ ዶክትሬቱን የሚሠራ አንድ የጅማ ልጅ በሮቦት ዕቃ ስለማስፈታት እንደሚያጠና ስሰማ ጻፍኩለት። «ና፤ ሶፋ አለኝ» ብሎ መለሰልኝ። የአንድ አጭር ሥልጠና ግብዣ ቲኬቱን ቻለልኝ፤ የቀረው ከኪሴ ነው። ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ልጽፍበት የያዝኩት እስክሪብቶ ምን እንደደረሰበት በቦታው ታነቡታላችሁ።

ግንቦት 3፣ 2017፤ እሑድ — ብራስልስ፣ ሉቨን

ማለዳ ብራስልስ አረፍን። ሻንጣዬ ብቅ ሲል እጀታው በአንድ ጎኑ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ውስጡ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ አለ፤ አስተናጋጄ የለመነኝ ቅቤ ግን የለም። ከውጭ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው። እናቴ ይህን እስካሁን አላመነችም። «ቅቤ ምን አደረጋቸው?» ትላለች።

ከአየር ማረፊያው ሥር በቀጥታ ባቡር አለ። ሉቨን ለመድረስ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዋጋው ወደ 10 ዩሮ። በዚያ ሰሞን የባንክ ምንዛሪ 1,500 ብር መሆኑ ነበር። በዚህ ገንዘብ እኮ ሐዋሳ እደርሳለሁ ብዬ አሰብኩና ማሰቡን እዚያው ተውኩት። ዋጋ እያባዛ የሚጓዝ ሰው ጦሙን ያድራል።

ሉቨን የተማሪ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው በ1425 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አገር ዐፄ ይስሐቅ በነገሡበት ዘመን። ስድስት መቶኛ ዓመቱ እየተከበረ ነበር። እሑድ ስለሆነ ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ መንገዱ ላይ የሚታየው ብስክሌት ብቻ።

የጅማው ልጅ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። መጀመሪያ «ጋሼ» ሊለኝ ሞከረ፤ በአራት ዓመት ብቻ እንደምበልጠው ሲያውቅ «አንተ» ተባባልን። ቤቱ ገብተን ቡናው እስኪፈላ ድረስ የሻንጣውን እጀታ ልንጠግን ተቀመጥን። ብሎን ቢሆን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ግን በሪቬት ነው የተመታው፤ ሪቬት ደግሞ አንዴ ከተመታ በመሰርሰሪያ ካልተበሳ አይወጣም። ሻንጣውን የገጠመው ፋብሪካ በሁለት ሰከንድ «ጠቅ» አድርጎ ሄዷል፤ የእኛ ግማሽ ሰዓት ግን ባዶውን ቀረ።

ተስፋ ቆርጬ የተሰበረውን ፕላስቲክ ማድ ቤት ያለ ሰማያዊ ከረጢት ውስጥ ጣልኩት። እሱ ተሯሩጦ መልሶ አወጣው። ለካ ከረጢቱ የሚቀበለው ማሸጊያ ብቻ ነው፦ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ የወተትና የጭማቂ ካርቶን። ሌላ ነገር ከተገኘበት ሰብሳቢዎቹ ተለጣፊ ለጥፈውበት ደጃፍ ላይ ትተውት ይሄዳሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። «እዚህ አገር ቆራሌው አይጮህም» አለኝ፤ «አንተን ነው የሚያስጮህህ።»

ግንቦት 4፣ ሰኞ — ሉቨን

የገባሁበትን ቤተ ሙከራ ስም አልጠራም። ያየሁት ነገር ያላለቀ ሥራ ነው፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ በስም አይነገርም።

ሰፊ ጠረጴዛ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ተጋድሟል፤ የአንድ ሰው አልጋ ያህላል። አጠገቡ ብርቱካናማ የሮቦት ክንድ ቆሟል። የጅማው ልጅ «ጎረምሳው» ይለዋል፤ ጉልበት አለው፣ ትዕግሥት የለውም። ባትሪው ሲሞላ ወደ 400 ቮልት ስለሚይዝ ሰዎቹ ወፍራም የጎማ ጓንት አጥልቀዋል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሩቅ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባን የሞላት የኤሌክትሪክ መኪና ትዝ አለኝ። የዚያ ሁሉ መኪና ባትሪ አንድ ቀን ያረጃል፤ ያኔ ማን ዘንድ እንደሚሄድ አውቃለሁ። አጎቴ ጓንት የለውም።

ኮምፒውተሩ ላይ የተገለበጠ ዛፍ ይታያል። ላይ ሙሉው ባትሪ፣ ታች ደግሞ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉ፦ ሽፋን፣ ኬብል፣ የማቀዝቀዣ ቧንቧ፣ የባትሪ ሕዋሶቹ የታጨቁባቸው ሳጥኖች። ሙያተኞቹ «እና/ወይም ግራፍ» ይሉታል። ኦሜም ደ ሜሎና ሳንደርሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሮቦት መገጣጠሚያ ብለው ያወጡት ዘዴ ነው። «ወይም» ሲል ምርጫ ነው፤ በዚህ በኩል ክፈተው፣ ወይም በዚያ። «እና» ሲል ደግሞ አንዱን ለሁለት ከፍለሃል፣ ሁለቱንም ለየብቻ ቀጥል ማለቱ ነው። አሥር አካል ብቻ ያለው ዕቃ እንኳ በተራ ቢደረደር 3,628,800 ዓይነት ቅደም ተከተል ይወጣዋል። ሽፋኑ ሳይነሣ ውስጡን መንካት ስለማይቻል አብዛኛው ከንቱ ነው፤ ኮምፒውተሩ የዕቃውን ሥዕል አይቶ ከንቱውን ይጥላል፣ ከቀረው ርካሹን ይመርጣል።

እስከዚህ ድረስ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነው። ያላሰብኩት የሚቀጥለው ነበር። ፕሮግራሙ ዛፉን እስከ ጫፍ አይወርድም፤ መሃል ላይ አንድ ቀይ መስመር አስምሮ ቆመ። «ከዚህ በታች የሚፈታው ነገር የሰውና የማሽን ሰዓቱን አይከፍልም፤ የቀረው ወደ መፍጫው ይግባ» ማለቱ ነው። ዕቃ ስትገጥም ማለቂያው ግልጽ ነው፤ ዕቃው ሲሞላ ታቆማለህ። ስትፈታ ግን መቆሚያውን የሚወስነው ገበያው ነው። የመዳብ ዋጋ ሲወጣ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲወድቅ ወደ ላይ ይወጣል። አጎቴ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠይቀው «መዳብ ዛሬ ስንት ገባ?» ብሎ ነው። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ጎረምሳው ሥራ ጀመረ። ካሜራው ብሎን ይፈልጋል፣ ክንዱ ይወርዳል፣ ካቻቢቴው ገጥሞ ይሽከረከራል፣ ብሎኑን ሳጥን ውስጥ ይጥላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰው አጠገቡ ቆሞ ሊያንቀላፋ ምንም አይቀረው። ዘጠነኛው ላይ ቆመ። ብሎኑ ዝጓል፤ ጭቃም ደርቆበታል፤ ካሜራው ብሎን መሆኑን እንኳ ተጠራጥሯል። ሁለተኛ ሞከረ፤ ጥርሱን በላው። ሦስተኛ ሲሞክር ኃይል የሚለካው ሴንሰር አስቆመው፤ ቀይ መብራት በራ። ዛፉ ላይ ያ ብሎን «ስድስት ሰከንድ» ተብሎ ነበር የተጻፈው። አንዲት ወጣት መሐንዲስ መሰርሰሪያ ይዛ መጣችና ጭንቅላቱን በስታ ጣለችው። ማንም አልተገረመም። «በቀን ስንቴ?» ስላት ትከሻዋን ሰብቃ ሳቀች።

ምሳ የተማሪዎች ምግብ ቤት በላን፤ ፓስታና ሾርባ 7 ዩሮ። ወሬያችን ስለዚያው ነበር። አፕል በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጋት «ዴይዚ» የተባለች ሮቦት በሰዓት እስከ 200 አይፎን ትበታትናለች። አንዷ ከሉቨን ብዙም በማይርቀው የኔዘርላንድሱ ብሬዳ ትገኛለች። እሷ እንዴት ቻለች? የአንድ ኩባንያ ስልክ ብቻ ስለምታውቅ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ አስቆኛል፦ ዴይዚ ብሎን አትፈታም፣ መትታ ታስወጣለች። ባትሪውን የያዘውን ማስቲሽ ደግሞ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ነፍታበት ታስለቅቀዋለች። ማለት መጨረሻ ላይ እሷም ትመታለች።

የጅማው ልጅ አንድ የቆየ ታሪክ ጨመረልኝ። አይቢኤም በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮፕሪንተር የተባለ ማተሚያ ሮቦት እንዲገጥመው ታስቦ ያለ ብሎን፣ «ጠቅ» እያለ እንዲቆለፍ ተደርጎ ተነደፈ። ለሮቦት ከመቅለሉ የተነሣ ሰውም በእጁ በደቂቃዎች የሚገጥመው ሆነና ያን ሁሉ ውድ ሮቦት ለምን ገዛነው የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ዕቃ የሚቀለው ማሽን ሲጨመርለት አይደለም፤ የሚቀለው ሠሪው ያኔውኑ ሲያስብበት ነው።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ — አንትወርፕ፣ ሆቦከን

አንትወርፕ ወርደን መጀመሪያ ያደረግነው የተጠበሰ ድንች መግዛት ነው፤ ትልቁ ከማዮኔዝ ጋር 5 ዩሮ። ቀኑ ረቡዕ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምክንያቱም የቤልጅየም ድንች በባህሉ የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው! አስተናጋጄ በመጣ በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ድንች አትክልት ነው ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲበላ ኖሯል። ጓደኛው ሲነግረው ጾሙ አልቆ ነበር።

ከዚያ በትራም ሆቦከን ሄድን። የዩሚኮር ማቅለጫ ያለበት ሠፈር ነው። ወደ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ ስላልነበረን በአጥሩ ዙሪያ ተዘዋወርን፤ ጭስ ማውጫና ክምር ከሩቅ ይታያል። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ የስልክና የኮምፒውተር ሰሌዳ እዚህ መጥቶ ይቀልጣል፤ 17 ዓይነት ብረት ይወጣዋል፤ ወርቅ፣ ብር፣ ፓላዲየም፣ መዳብ እያለ ይቀጥላል። አንድ ቶን የወርቅ ማዕድን ድንጋይ ወደ 5 ግራም ወርቅ ቢሰጥ፣ አንድ ቶን አሮጌ ስልክ ባትሪው ወጥቶለት 300 ግራም አካባቢ ይሰጣል። እዚህ አገር አዲስ ማጠቢያ ወይም ቴሌቪዥን ሲገዛ ወደፊት ለሚፈታበት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ዋጋው ላይ አብሮ ይከፈላል። «ሬኩፔል» ይሉታል፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የቀብር እድር በሉት፤ ሟቹ ሳይወለድ የሚከፈል።

ያም ሆኖ በዓለም በ2022 እ.ኤ.አ. ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በሕጋዊ መንገድ ተሰብስቦ መታደሱ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው በየቤቱ መሳቢያ፣ በየገደሉና በየአጎቴ ሱቅ ነው ያለው።

አጥሩን ተደግፈን ቆመን ሳለ የጅማው ልጅ አንድ ነገር አነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልጠፋም። እሳት ሁሉንም አያወጣም። መዳቡ ቀልጦ ወርቁንና ፓላዲየሙን ይዞ ይወርዳል። ታንታለምና የድምፅ ማጉያው ማግኔት ውስጥ ያሉት ብርቅ ማዕድናት ግን ከዝቃጩ ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ ተመልሰው አይገኙም። እነሱን ለማትረፍ ያለው መንገድ ሰሌዳው እሳት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያችን ትንሽ አካል ነቅሎ መለየት ነው። ሮቦት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ለትልቁ ብረት አይደለም። ታንታለም ሲል ጉጂ፣ ቀንጢቻ ትዝ አለኝ። ከዚያ በስንት መከራ ተቆፍሮ የወጣ ማዕድን ዓለምን ዞሮ፣ ስልክ ውስጥ ጥቂት ዓመት ኖሮ፣ መጨረሻው ዝቃጭ።

ከማቅለጫው አጥር ሥር መኖሪያ ቤቶች አሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በሠፈሩ ሕፃናት ደም ውስጥ የእርሳስ መጠን ከፍ ብሎ ከተገኘ በኋላ ኩባንያው ቅርብ ያሉትን ቤቶች ገዝቶ አረንጓዴ ቦታ ለማድረግ ተነሥቷል። አንዲት ሴትዮ ከአንዱ ቤት ወጥታ በሩን ቆልፋ ስትሄድ አየኋት። እንዴት እንደምጠይቃት አላወቅሁም፤ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ — ወደ በርሊን፣ በኮሎኝ በኩል

የባቡር ጉዞ አሰልቺ ስለሆነ ልዘለው ነበር፤ ግን ተበላሸ። ኮሎኝ ላይ መቀየር ያለብኝ ባቡር አመለጠኝ፤ ያመጣኝ ዘግይቶ ነው። የጀርመን ባቡር በሰዓቱ ነው ብሎ ያሳደገኝ ማን እንደሆነ ልጠይቅ እፈልጋለሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ጠበቅሁ።

ጣቢያው በር ላይ ካቴድራሉ አለ፤ በ1248 ተጀምሮ በ1880 እ.ኤ.አ. ያለቀ። ዝም ብዬ ስዞረው የሰማሁትን አስታወስኩ፦ ሥራው ለዘመናት ተቋርጦ ሳለ የፊት ለፊቱ የመካከለኛው ዘመን ንድፍ ጠፍቶ ነበር። በ1814 እ.ኤ.አ. ግማሹ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላው ግማሽ ተገኘና በዚያ መሠረት ጨረሱት። ወረቀት ሲኖር ሥራ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላም ይቀጥላል። አውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 18፣ 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሁሉ «ዲጂታል ፓስፖርት» እንዲኖረው አዟል፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚነበብበት። በዚያው ቀን የስልክን ጨምሮ የትናንሽ ዕቃዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል ይሁን የሚለው ሕግም ይጀምራል። ማስቲሹ ዕድሜው አጠረ ማለት ነው። እነዚያው መኪኖች ግን አርጅተው ወደ እኛ ሲመጡ ፓስፖርታቸው አብሮ ይመጣ ይሆን?

ባቡሩ ውስጥ ጠረጴዛ ያለው ወንበር አገኘሁና ልጽፍ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። አልጻፍኩበትም። አላን ቡርዦ የተባለ ፈረንሳዊ ቤዛንሶን ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የምርምር ጽሑፍ የመገጣጠም ቅደም ተከተልን ለማስረዳት የመረጠው ዕቃ እስክሪብቶ ነበር፤ ስድስት አካል፣ ቀለሙን እንደ አንድ ቆጥሮ። ዘዴው ኮምፒውተሩ መሐንዲሱን እንዲጠይቅ ነው፦ «ይህ ሳይገጠም ያ ይገጠማል? አዎ ወይስ አይደለም?» ዕቃው ሲበዛ ጥያቄው ማለቂያ አጣ። በ1987 እ.ኤ.አ. ዴ ፋዚዮና ዊትኒ የሚባሉ አሜሪካውያን ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይበቃል ብለው አቃለሉት። እኔም ልሞክር ብዬ እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። የእኔው ስፕሪንግ ያለው ነበር። ስፕሪንጓ ተፈናጥራ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አሮጊት ቡና ውስጥ ገባች። ይቅርታ ጠይቄ እስክጨርስ እሳቸው በማንኪያ አውጥተው በሶፍት ጠርገው ሰጡኝ። ቀለሙ ግን ሸሚዜ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ማስታወሻ የያዝኩት በስልኬ ነው።

በርሊን የደረስኩት እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው።

ግንቦት 8፣ ዓርብ — በርሊን

በርሊን የመጣሁት ለአንድ ታሪክ ነው። የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከ1995 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. «የመፍቻ ፋብሪካዎች» በሚል ስም ትልቅ የምርምር ፕሮግራም ነበረው፤ ፕሮፌሰር ጉንተር ዜሊገር ይመሩት ነበር። የተመረጠው ዕቃ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ለምን ማጠቢያ? ቢሉ፣ ሁሉም ቤት አለ፣ ከባድ ነው፣ የሁሉም አምራች ውስጡ ይለያያል፣ ለሃያ ዓመት ውኃ ጠጥቶ ዝጎ ይመጣል። ዕቃ ለሚፈታ ከዚህ የባሰ ፈተና የለም።

በዚያ ዘመን ተማሪ የነበሩ አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ በሽፕሬ ወንዝ ዳር ካለው ክብ የመስታወት አዳራሽ አጠገብ ቀጠሩኝ። ቡናና ኬክ እሳቸው ከፈሉ፤ እኔ ዳቦ ቆሎ ሰጠኋቸው። ጥርሳቸውን ፈርተው አንድ በአንድ ነበር የሚበሉት፤ ከረጢቱን ግን አልመለሱም።

«መጀመሪያ ላይ ሁላችንም የመግጠሚያ ሮቦት ወስደን ወደ ኋላ እናስኬደው ብለን ነበር» አሉኝ። መንገዱ በቶሎ ተዘጋ። ፋብሪካ ውስጥ የሚመጣው ብሎን አዲስ ነው፣ ቦታውም መጠኑም ይታወቃል። የሚመለሰው ዕቃ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሕይወት አለው፤ አንዱ ወድቋል፣ አንዱን የሠፈር ጠጋኝ ነካክቶታል፣ አንዱ ብሎኑ ጠፍቶ በሽቦ ታስሯል። ስለዚህ ዕቅዱ በየደቂቃው የሚታደስ መሆን ነበረበት፤ መሣሪያውም የብሎኑን ዓይነት የማይጠይቅ።

ከዚያ የወረቀት ፎጣ ላይ ሣሉልኝ። ተራ ካቻቢቴ የብሎኑን ጥርስ ይፈልጋል፤ ጥርሱ ካለቀ ከንቱ ነው። እነሱ የሠሩት መሣሪያ ግን ጥርሱን አይፈልግም። ጭንቅላቱን መትቶ አዲስ ጎድጓዳ ያበጅበታል፣ በዚያ ይዞ ያዞረዋል። መስቀለኛ ይሁን ባለ ስድስት ማዕዘን፣ ይዛግ አይዛግ፣ ግድ የለውም። ሌላም ነበራቸው፤ ቆርቆሮው ውስጥ እየተሽከረከረ ገብቶ ይዞ የሚያነሣ፣ ምስማርም ብሎንም የሚመስል ነገር።

ሥዕሉን ትኩር ብዬ አየሁት። ይህንን ነገር አውቀዋለሁ። ዕድሜዬ ስምንት ዓመት ሆኖ አጎቴ መሮውን ብሎን ጠርዝ ላይ አጋድሞ ሲመታው አይቻለሁ። ለመሐንዲሱ ስነግራቸው እጄን ያዙኝና «ፎቶ አለህ?» አሉ። የለኝም። እስከ ዛሬ አለማንሣቴ ቆጨኝ።

«ታዲያ ፋብሪካው የት አለ?» አልኳቸው። ሳቁ። ሐሳቡ ሠርቷል፣ ሒሳቡ እንቢ ብሏል። ሙሉ ማጠቢያ ወፍጮ ውስጥ ጥሎ ብረቱን በማግኔት መልቀም ይረክሳል። በሰው የሚፈታበት አገር ደግሞ ጉልበት ስለሚረክስ ሮቦቱን የሚገዛ የለም። ሮቦቱ መሃል ላይ ቀረ። አሁን የመኪና ባትሪ ሲመጣ ነው እንደገና የሚፈለገው፤ ባትሪ ሳይፈቱ መፍጨት አደጋ አለው፣ እሳት ይነሣል።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ — በርሊን

እንጀራ አማረኝና የሐበሻ ምግብ ቤት ፈልጌ ሄድኩ፤ በያይነቱ 15 ዩሮ። እንጀራው የጤፍ ብቻ ባይሆንም እጄን አልመለስኩም። አስተናጋጇ የአምባሳደር ሠፈር ልጅ ናት፤ ለምን እንደመጣሁ ስትሰማ «አቤት! ምን አለሽ ተራን ለማጥናት በርሊን?» አለችና ሽሮ ጨመረችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሱፐርማርኬት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ጠርሙስ የሚበላ ማሽን ፊት ቆምኩ። ጀርመን ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስና የቆርቆሮ መጠጥ ስትገዛ 25 ሣንቲም መያዣ ትከፍላለህ። ባዶውን ቀዳዳው ውስጥ ስትከተው ማሽኑ ያሽከረክረዋል፣ ኮዱን ያነባል፣ ቅርጹን ያያል፣ ይጨፈልቀዋል፣ ደረሰኝ ይሰጥሃል። ከቤልጅየም የያዝኩትን ጠርሙስ ብሰጠው መልሶ ተፋው፤ መያዣ አልተከፈለበትም። ከኋላዬ ሁለት ትልልቅ ፌስታል የሞላ ጠርሙስ የያዙ ሽማግሌ ቆመው ነበር። በርሊኖች ጠርሙሳቸውን ከቆሻሻ ገንዳው ጎን መሬት ላይ ያስቀምጣሉ፤ ለቃሚው እጁን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከት። ተራዬን ለቀቅኩላቸው። ሲጨርሱ ደረሰኙን ሁለቴ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፤ ልክ የእኛ ሠፈር ቆራሌው ብሩን እንደሚያስቀምጠው።

አጎቴ ዘንድ ባዶ እጄን እንዳልሄድ ከአንድ የመሣሪያ ሱቅ የብሎን መፍቻ ጫፍ ስብስብ ገዛሁ፤ አምስት ቅጠል ያለው የስልክ ብሎን መፍቻ ሳይቀር አለበት። 24 ዩሮ።

ግንቦት 10፣ እሑድ — መመለሻ

የአየር ማረፊያው ፍተሻ ላይ ሁለት ካቻቢቴ ተወሰደብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዘንጉ ከ6 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ መሣሪያ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ ጽፈው ለጥፈውታል። ትናንሾቹን ጫፎች አንድ በአንድ ቆጥሮ መለሰልኝ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ — ምን አለሽ ተራ

አጎቴ ስብስቡን ከፍቶ ጫፎቹን በጣቱ ነካካቸው፤ ግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም። የመሐንዲሱን ሥዕል አሳየሁት። ጥቂት አየው፤ ከዚያ ከጎኑ ካለው የዛገ ሞተር ላይ አንድ ብሎን መረጠ፣ መሮውን አጋደመ፣ ሁለቴ መታ፣ ብሎኑ ዞረ።

«ስንት ዓመት አጠኑት አልክ?»

«አሥራ አንድ።»

«ከእኔ ቢጠይቁ ሻይ ነበር የማስከፍላቸው።»

ያን አውራ ጣት ምን እንዳገኘው ግን ሁለታችንም እናውቃለን፤ የበርሊኑ መሣሪያ ጣት አያውቅም። አልነገርኩትም።

የሲሚንቶ ወረቀት ዘርግቼ ማጠቢያ በምን ተራ እንደሚፈታ ጠየቅሁት። «መጀመሪያ ድንጋዩን» አለ፤ እንዳይነቀንቅ ውስጡ የሚታሰረውን ኮንክሪት ማለቱ ነው። «ካልቀለለ ማን ይገለብጠዋል?» ቀጥሎ ቀበቶ፣ ሞተር፣ ከዚያ ከበሮው። የፕላስቲክ ገንዳውን መቼ እንደሚፈታ ስጠይቀው «አልፈታውም፤ እሰብረዋለሁ» አለ። ቀዩን መስመር እዚያ ላይ አሰመርኩ። ዛፉ ሲያልቅ ወረቀቱን ሞላው። አጎቴ አንገቱን አዘንብሎ አየውና «ሥሩ ወደ ላይ ነው እንዴ?» አለ። ደቀ መዝሙሩ የሆነው ልጅ ግን ቁጢጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ ሲያነበው ቆየ። ግድግዳው ላይ እንዲለጥፈው ማስቲሽ ገዝቼ ሰጠሁት።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ላነሣው ተመልሼ ስመጣ ግድግዳው ባዶ ነው። ወረቀቱ ነሐስ ተጠቅልሎበት ሚዛን ላይ ተቀምጧል። አጎቴ ከነወረቀቱ ነው የመዘነው፤ ገዢው እየተጨቃጨቀ ነበር።